አልዛይመርን በዘረ መል የማከም ጥረትና የአንድ ሚሊ ሜትር ፈተና

በአሜሪካ ሳንዲያጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የሙያ አጋሮቻቸው እ.ኤ.አ በ2020 ይፋ ያደረጉት የጥናት ውጤት፣ የአልዛይመር በሽታን በዘረ መል ለማከም ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የተካሄደው ጥረት የት ላይ እንደተሰናከለ አመላክቷል። ተመራማሪዎቹ ሕክምናውን ወስደው በኋላ ሕይወታቸው ያለፈ የሦስት ሕሙማንን አንጎል ሲመረምሩ፣ በመርፌ የገባው ዘረ መል ቢያንስ ለሰባት ዓመታት ሥራውን ሳያቋርጥ መቆየቱን አረጋግጠዋል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከመርፌው ጫፍ የተሰራጨው በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ርቀት ብቻ ነበር። በተመረመሩት 15 የመርፌ ሥፍራዎች ውስጥ፣ እንዲታደጋቸው ወደታሰቡት የነርቭ ሕዋሳት በቀጥታ የደረሰበት አንድም አልተገኘም።

ይህ ግኝት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ሕሙማኑ የተሳተፉበት ሙከራ ከሁለት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ በ2018፣ ውጤት እንዳላስገኘ በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ ነበር። አንድ መድኃኒት ከታለመለት ቦታ ደርሶ ሳይሠራ መቅረቱና ከቦታው ሳይደርስ መቅረቱ ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው ምርምሩ እንዲቆም ምክንያት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥያቄው ገና መልስ እንዳላገኘ ያሳያል።

አልዛይመር የማስታወስ፣ የማሰብና የዕለት ተዕለት ተግባርን የማከናወን ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያሳጣ የአንጎል በሽታ ነው። በኅብረተሰቡ ዘንድ ሕመሙ የእርጅና ባሕርይ ተደርጎ ሲወሰድና ሕሙማኑም «ጃጁ» ተብለው ሲታለፉ ቢስተዋልም፣ የሕክምና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ዕድሜ መግፋቱ ለበሽታው ያጋልጣል እንጂ በሽታው ራሱ የእርጅና ተፈጥሯዊ አካል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ በመባል ከሚታወቀው የመርሳት ችግር ጋር ይኖሩ የነበረ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች የሚገኙ ናቸው። ከመርሳት ችግሮቹ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆኑት መንስዔው አልዛይመር ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በሽታውን ለሙያ ባልደረቦቻቸው ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ በ1906 በቱቢንገን ከተማ በተካሄደ ስብሰባ ላይ ነበር። በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይከታተሏቸው የነበሩ፣ በሃምሳዎቹ የዕድሜ ክልል የሚገኙ ሴት ካረፉ በኋላ አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ሁለት ነገሮችን ተመለከቱ። ከሕዋሳቱ ውጭ የተጠራቀመ ዝቃጭና በሕዋሳቱ ውስጥ የተተበተበ ክር መሰል ነገር ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው አሚሎይድ፣ ሁለተኛው ታው ከተባሉ ፕሮቲኖች እንደሚፈጠሩ ይታወቃል።

በሥራ ላይ የሚገኙት መድኃኒቶች የሚሰጡት ጥቅም ውስን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1996 የተፈቀደው ዶኔፔዚል፣ ሕዋሳት መልዕክት የሚለዋወጡበት አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር በፍጥነት እንዳይፈርስ በማድረግ ምልክቶቹን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ የሕዋሳቱን ሞት አያስቆምም። እ.ኤ.አ በ2023 ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብና በ2024 የተከተለው ዶናኔማብ ደግሞ አሚሎይድን ከአንጎል የሚጠርጉ ናቸው። ሌካኔማብ በ18 ወራት ሙከራ የሕሙማኑን የማሽቆልቆል ፍጥነት በ27 በመቶ ቀንሷል። ነገር ግን ሁለቱም የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ሕሙማኑ በየጊዜው የአንጎል ምስል መነሳት ይኖርባቸዋል።

የዘረ መል ሕክምና መነሻው ከዚህ የተለየ ነው። መድኃኒቱን ከውጭ ደጋግሞ ከመስጠት ይልቅ የመድኃኒቱን «የአሠራር መመሪያ» ወደ ሕዋሱ በማስገባት ሕዋሱ ራሱ እንዲያመርተው ማድረግ ነው። መመሪያውን የሚያጓጉዘው በአብዛኛው በሽታ የማምጣት አቅሙ የተወገደ ቫይረስ ነው። ቫይረሶች ወደ ሕዋስ ሰብረው መግባትን የተካኑ በመሆናቸው ተመራማሪዎቹ ይህንኑ ጠባያቸውን ለሕክምና ይጠቀሙበታል። ዘዴው በይፋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ በ1990 በአሜሪካ ሲሆን፣ ታካሚዋም ከተፈጥሮ የበሽታ መከላከል ጉድለት የነበረባት የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። እ.ኤ.አ በ1999 በፔንስልቫንያ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ሌላ ሙከራ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሕይወቱ በማለፉ ግን መስኩ ለዓመታት በጥርጣሬ ሲታይ ቆይቷል።

ወደ አልዛይመር የመጣው ሐሳብ ሥሩ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ጣልያናዊቷ ሐኪም ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሀገራቸው በወጣው የዘር ሕግ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራ ታግደው፣ በመኝታ ክፍላቸው ባቋቋሙት ትንሽ ቤተ ሙከራ የጫጩት ሽሎችን ነርቭ ያጠኑ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ አቅንተው በሴንት ሉዊስ ከተማ ከስታንሊ ኮኸን ጋር ባካሄዱት ምርምር የነርቭ ሕዋሳት እንዲያድጉና እንዳይሞቱ የሚያደርግ ፕሮቲን ለመለየት በቅተዋል። የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን፣ በምሕፃሩ ኤን ጂ ኤፍ፣ በመባል የሚታወቀው ይኸው ግኝት እ.ኤ.አ በ1986 ለሁለቱም የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

ፕሮቲኑ በተለይ የሚያገለግላቸው የነርቭ ሕዋሳት ከፊተኛው አንጎል ግርጌ የሚገኙና አሴቲልኮሊን የሚያመርቱ ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት በአልዛይመር ክፉኛ የሚጎዱ ሲሆን፣ ዶኔፔዚልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ሊያካክሱ የሚሞክሩትም የእነርሱኑ ምርት ነው። በቤተ ሙከራ እንስሳት፣ በኋላም በዕድሜ በገፉ ጦጣዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ኤን ጂ ኤፍ የደከሙትን ሕዋሳት መልሶ እንደሚያጠነክር አሳይተዋል።

ታዲያ ፕሮቲኑን እንደማንኛውም መድኃኒት መስጠት ለምን አልተቻለም? ምክንያቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ ፕሮቲኑ መጠኑ ትልቅ በመሆኑ ደምን ከአንጎል የሚለየውን የተፈጥሮ አጥር አልፎ መግባት አይችልም። ይህን ለማለፍ በ1990ዎቹ በስዊድን በሦስት ሕሙማን ላይ በተካሄደ ሙከራ ፕሮቲኑ በቀጭን ቱቦ አማካይነት በአንጎል ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ሕሙማኑ የጀርባ ሕመም አደረባቸው፤ ክብደታቸውም ቀነሰ። ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው፤ ፕሮቲኑ ወደማይፈለግበት የነርቭ ክፍል ሲደርስ ጉዳት ያስከትላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከታለመለት ቦታ ብቻ ተመርቶ እዚያው የሚቀር መድኃኒት ሆነ።

በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ምሁር ፕሮፌሰር ማርክ ቱዚንስኪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2001 የጀመሩት ሙከራ መነሻው ይኸው ነው። ከእያንዳንዱ ታካሚ ቆዳ ላይ ሕዋሳት ተወስደው የኤን ጂ ኤፍ ዘረ መል ከገባባቸውና በቤተ ሙከራ ከተራቡ በኋላ በራሱ በታካሚው አንጎል ውስጥ እንዲቀመጡ ተደረገ። በሙከራው የተሳተፉት በበሽታው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ የሚገኙ ስምንት ሕሙማን ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ቀዶ ሕክምናው የተከናወነው ሙሉ ሰመመን ሳይሰጥ ሲሆን፣ ሁለት ሕሙማን በመካከሉ በመንቀሳቀሳቸው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ከሁለቱ አንዱ ከአምስት ሳምንታት በኋላ ሕይወታቸው አልፏል። ከዚያ ወዲህ ሥራው በሙሉ ሰመመን እንዲካሄድ ተወስኗል።

እ.ኤ.አ በ2005 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት የታተመው ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር። በአማካይ ለ22 ወራት ክትትል የተደረገላቸው ስድስት ሕሙማን የማሽቆልቆል ፍጥነት የቀነሰ መስሎ ታይቷል። ሕይወታቸው ባለፈው ታካሚ አንጎል ላይ የተደረገው ምርመራም የነርቭ ጭራዎች መድኃኒቱ ወዳለበት አቅጣጫ ማደጋቸውን አሳይቷል። በወቅቱ ዜናው በበርካታ የዓለም መገናኛ ብዙኃን ተስተጋብቷል። ሆኖም ስድስት ሕሙማንን የሚያነጻጽሩበት ሌላ ቡድን ሳይኖር የተገኘ ውጤት፣ የሕክምናውን ፍቱንነት ለመመስከር የሚበቃ አልነበረም። ሕሙማን ብርቱ ሕክምና አገኘን ብለው ሲያምኑ ለጊዜውም ቢሆን መሻሻል ማሳየታቸው የተለመደ ነውና።

በሁለተኛው ምዕራፍ የቆዳ ሕዋሳቱ ቀርተው ዘረ መሉን በቀጥታ የሚያደርስ አዴኖ አሶሺየትድ የተባለ ቫይረስ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ቫይረስ በሰው ላይ በሽታ እንደሚያስከትል አይታወቅም፤ በብዙዎቹ የዘመኑ የዘረ መል ሕክምናዎችም ተመራጭ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሥር ሕሙማን ላይ ደኅንነቱ ከተፈተሸ በኋላ እ.ኤ.አ ከ2009 እስከ 2012 ድረስ በአሜሪካ አሥር የሕክምና ማዕከላት 49 ሕሙማን የተካተቱበት ሰፋ ያለ ሙከራ ተካሄደ። ሕሙማኑ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ መድኃኒቱን ሲያገኙ፣ የቀሩት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ቢመስልም መድኃኒቱ አልተሰጣቸውም። የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉም አያውቁም ነበር። መድኃኒት ላያገኝ በሚችል ሕመምተኛ ላይ የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ማድረግ በሕክምና ሥነ ምግባር ረገድ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ያለእርሱ ግን የመጀመሪያው ሙከራ ያስነሳውን ጥያቄ መመለስ አይቻልም።

ከሁለት ዓመታት ክትትል በኋላ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የማስታወስና የማሰብ ችሎታ ልዩነት አልተገኘም። ሕክምናው በሕሙማኑ ላይ የጎላ ጉዳት አላደረሰም፤ ጥቅምም አላሳየም።

ጉዳዩ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን ከተሳታፊዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ሲያርፉ አንጎላቸው ለምርምር እንዲውል ተደረገ። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ በ2015 ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተሳታፊዎች መካከል የአሥሩ አንጎል ተመርምሮ፣ በበሽታው የተጎዱ ሕዋሳት እንኳ ለኤን ጂ ኤፍ ምላሽ በመስጠት አዳዲስ ጭራዎችን እንደሚያወጡ ታይቶ ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ ይህ ምላሽ ከሕክምናው አሥር ዓመት ያህል በኋላም አልጠፋም። በሰፊው ሙከራ ከተሳተፉት መካከል የሦስቱ አንጎል ሲመረመር ግን ከላይ የተገለጸው የአንድ ሚሊ ሜትር ጉዳይ ተገለጠ።

የመሳቱ ምክንያት የሕዋሳቱ ስብስብ ትንሽና የተበታተነ፣ በበሽታውም ምክንያት ይበልጥ የሚኮማተር መሆኑ ነው። መርፌው የሚያርፍበት ነጥብ ይወሰን የነበረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በተነሳ የኤም አር አይ ምስል ሲሆን፣ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ የት እንደደረሰ በዚያው ቅጽበት የሚያሳይ ዘዴ አልነበረም። መድኃኒቱን በዝግታ የሚያሰራጭ የግፊት መሣሪያም አልተጠቀሙም። አንድ መንገድ ሠራተኛ አስፋልቱን አጠናቆ መንገዱ ከመንደሩ ሳይደርስ እንደቀረ ማለት ነው፤ መንገዱ ላይ ጉድለት ባይኖርም መንደርተኛው የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ፕሮፌሰር ቱዚንስኪና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ተነስተው እ.ኤ.አ በ2021 ሌላ ሙከራ መጀመራቸውን ይፋ አድርገዋል። በዚህኛው የተመረጠው ቢ ዲ ኤን ኤፍ የተባለ፣ የኤን ጂ ኤፍ የቅርብ ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው። ሥፍራውም በሽታው ቀድሞ የሚያጠቃው የማስታወሻ በር፣ ኤንቶራይናል ኮርቴክስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። በ12 ሕሙማን ላይ እንዲሰጥና ሌሎች 12 ሕሙማን ለማነጻጸሪያ እንዲያገለግሉ ነበር የታቀደው። ዋናው ልዩነት ያለው ከመድኃኒቱ ይልቅ በአሰጣጡ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሲገባ በኤም አር አይ ሥር በቀጥታ እየታየ ሲሆን፣ ስርጭቱ የታለመውን ቦታ መሸፈኑ በዚያው ሰዓት ይረጋገጣል። ቢ ዲ ኤን ኤፍም ከቦታው ውጭ ቢሰራጭ የሚጥል በሽታን የመሰለ ችግር ሊያስከትል ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ ለውጤታማነቱ ብቻ ሳይሆን ለደኅንነቱም ያስፈልጋል።

ቦታ መርጦ የመውጋቱን ችግር በሌላ አቅጣጫ ለማለፍ የሚሞክሩም አሉ። መነሻቸው ኤፖኢ የሚባለው ዘረ መል ነው። ይህ ዘረ መል በሰዎች ዘንድ በሦስት ዓይነት ይገኛል። ከእናትም ከአባትም ኤፖኢ-4 የተባለውን የወረሰ ሰው ለአልዛይመር ያለው ተጋላጭነት እጅግ ከፍተኛ ሲሆን፣ ኤፖኢ-2 ደግሞ ይከላከላል። በኒውዮርክ ዋይል ኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ የተጀመረውና ሌክሲዮ በተባለ ኩባንያ የቀጠለው ሙከራ፣ ሁለት ኤፖኢ-4 ለወረሱ 15 ሕሙማን የኤፖኢ-2 ዘረ መልን ሰጥቷል። መድኃኒቱ የሚገባው ከራስ ቅል ሥር ባለው ፈሳሽ ውስጥ በመሆኑ አንጎልን መውጋት አያስፈልግም። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው መግለጫ የኤፖኢ-2 ፕሮቲን በሕሙማኑ ፈሳሽ ውስጥ መጨመሩንና በአብዛኞቹ ላይ የታው መጠን መቀነሱን አስታውቋል። ይህ በቤተ ሙከራ የሚለካ ምልክት ነው። የሕሙማኑ ማስታወስ ተሻሽሏል ከማለት ጋር መምታታት የለበትም።

በዚህ ላይ ለአፍሪካ አንባቢ ልዩ ትርጉም ያለው ጉዳይ አለ። የኤፖኢ-4 አደገኛነት የተለካው በዋነኛነት አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ እ.ኤ.አ በ1992 የተጀመረው የንጽጽር ጥናት፣ በኢባዳን ነዋሪ በሆኑ የዮሩባ ተወላጆች መካከል በየዓመቱ አዲስ በአልዛይመር የሚያዙት በኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩት አፍሪካ አሜሪካውያን ጋር ሲነጻጸሩ ከግማሽ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። በኢባዳን ኤፖኢ-4 ከበሽታው ጋር ያለው ቁርኝትም ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሰፋፊ ጥናቶችም ዘረ መሉ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ያለው ተጽዕኖ ዝቅ ያለ መሆኑን አረጋግጠዋል። በመሆኑም በኤፖኢ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ነገ ቢፈቀድ እንኳ፣ ለአፍሪካውያን ሕሙማን የሚሰጠው ጥቅም ከአውሮፓና ከአሜሪካ ቁጥሮች ተገልብጦ ሊወሰድ አይችልም። ጥያቄው በአፍሪካ ውስጥ በሚካሄድ ጥናት መመለስ ይኖርበታል።

ሌላው የሚያሳስበው ዋጋ ነው። ለአልዛይመር የተፈቀደ የዘረ መል ሕክምና ባለመኖሩ ዋጋውን ከወዲሁ መናገር ባይቻልም፣ የሌሎቹ ግን ይታወቃል። የሕፃናትን ጡንቻ ለሚያዳክም በሽታ እ.ኤ.አ በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ዞልጄንስማ፣ ለአንድ ጊዜ መርፌ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ተተምኖለት ነበር። በሕፃናት ላይ ለሚከሰት ሌላ ብርቅዬ የነርቭ በሽታ እ.ኤ.አ በ2022 በአውሮፓ፣ በ2024 ደግሞ በአሜሪካ የተፈቀደው ሕክምና በቀጥታ ወደ አንጎል የሚገባ ነው። ዘረ መልን በቀዶ ሕክምና ወደ አንጎል ማድረስ እንደሚቻል ማረጋገጫ ቢሆንም፣ የተካኑ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችንና ዘመናዊ የምስል መሣሪያዎችን የሚጠይቅ ነው። እነዚህ ደግሞ ከሕሙማኑ አብዛኞቹ በሚኖሩባቸው ሀገሮች በብዛት አይገኙም።

በአንጻሩ ዛሬውኑ በእጅ ያሉ አማራጮች አሉ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ 14 አጋላጭ ሁኔታዎችን መቆጣጠር ቢቻል ከመርሳት ችግሮች 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል አስታውቋል። ከዝርዝሩ መካከል የትምህርት ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የጭንቅላት ጉዳት እንዲሁም የአየር ብክለት ይገኙበታል። ይህ የዘረ መል ምርምሩን ዋጋ አያሳጣውም። በበሽታው አስቀድመው ለተያዙት የደም ግፊት ምርመራ የጠፋውን ሕዋስ አይመልስላቸውምና።

የዋጋውም ሆነ የአሰጣጡ ውስብስብነት ዋነኛ ምክንያት የአንጎል ቀዶ ሕክምናው በመሆኑ፣ የአንዳንድ ተመራማሪዎች ትኩረት ወደ ራሱ ወደ አጓጓዡ ቫይረስ ዞሯል። በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ የሚገኘው የብሮድ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ የአንጎልን አጥር አልፎ የሚገባ የአዴኖ አሶሺየትድ ቫይረስ ዓይነት መሥራታቸውን ገልጸዋል። ቫይረሱ አጥሩን የሚያልፈው ብረትን ወደ አንጎል በሚያስገባው የተፈጥሮ መተላለፊያ ላይ በመጣበቅ ነው። እንዲህ ያለው አጓጓዥ ወደ መላው አንጎል ስለሚሰራጭ፣ እንደ ኤን ጂ ኤፍ ከአንድ ቦታ ብቻ መቅረት ለሚኖርባቸው ፕሮቲኖች የሚሆን አይደለም። መላውን አንጎል ማዳረስ ለሚፈልገው ለኤፖኢ-2 ዓይነቱ ሕክምና ግን የመርፌውን ጉዳይ ያስቀረዋል። በጥናቱ የተፈተሸው የሰውን መተላለፊያ እንዲይዙ ተደርገው በተራቡ አይጦች ላይ ነው።